በድንጋዩ ጀርባ የቀረው ስም

ሥራ የጀመርኩ ቀን አሠሪዬ ጋሽ ዘለቀ መሮም መዶሻም አልሰጡኝም። የተቀረጸ እብነ በረድ ፊቴ አስቀምጠው “አንብብ” አሉኝ። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ እየተንተባተብኩ አነበብኩ። የአንዲት ሴት የመቃብር ድንጋይ ነው።

“ስህተቱ የት አለ?” አሉኝ።

አላየሁትም።

“የባሏን ስም የአባቷ ቦታ ላይ ቀርጬዋለሁ። ቤተሰቡ መልሶብኛል። በል አንሳ፣ እንገልብጠው።”

እብነ በረድ ተበላሸ ተብሎ አይጣልም። ተገልብጦ በጀርባው ይጻፍበታል። የተበላሸው ፊት ሲሚንቶው ውስጥ ይቀበራል፤ ማንም አያየውም። በሙያው የመጀመሪያ ትምህርቴ ይሄ ነበር።

የሥራው ደንብ ቀላል ነው። ቤተሰቡ ጽሑፉን በወረቀት ያመጣል። የቤተሰቡ ትልቅ ካልተስማማ ሥራ አይጀመርም። ከዚያ ድንጋዩ ላይ በእርሳስ ይነደፋል፤ እንደገና ይነበባል። መሮ የሚያርፈው ከዚያ በኋላ ነው። የተቆፈረው ፊደል በጥቁር ወይም በወርቅማ ቀለም ይሞላል። ዛሬ ወጣቶቹ በማሽን ይቆርጣሉ፤ ደንቡ ግን አልተለወጠም። ማንበብ የለመድኩትም በዚሁ ሥራ ነው። ከትምህርት ቤት ይልቅ ከመቃብር ድንጋይ ብዙ ተምሬያለሁ።

ጋሽ ዘለቀ ሲያርፉ የራሳቸውን ሐውልት ሠራሁላቸው። ከአስራ ስምንት ማዞሪያ ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው የሐውልት መሥሪያ ሱቃቸው ለእኔ ቀረች። ብዙ ድንጋይ ገልብጫለሁ። የማልረሳው የግርማ ወልዴን ነው።

አንድ ጠዋት ሄኖክ መጣ። ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ የሠፈራችን ልጅ ነው። የአቶ ወልዴ የመጨረሻ ልጅ መሆኑን ነበር የማውቀው፤ የአቶ ወልዴንም ሐውልት የሠራሁት እኔ ነኝ።

“ጋሼ፣ የወንድም ጋሼን ሐውልት ላሠራ ነው” አለኝ።

ወንድም ጋሼ የሚለው ግርማን ነው። ግርማ የአቶ ወልዴ የበኩር ልጅ ነበር። በወጣትነቱ ውጭ ሄዶ፣ እዚያው አግብቶ፣ የዚያን አገር ዜግነት ወስዶ ኖረ። ሲሞት አስከሬኑ መጥቶ ቀራንዮ ከአባቱ ጎን ተቀበረ። ባለቤቱና ልጁ ሜሮን ቀብረው ተመለሱ፤ ሐውልቱን የማሠራቱ ነገር ለሄኖክ ተተወ።

ወረቀቱን ዘረጋሁት። የመጨረሻው መስመር “ልጆቹ ሜሮን ግርማ እና ሄኖክ ግርማ አሠሩለት” ይላል።

“አንተ ሄኖክ ወልዴ አይደለህም እንዴ?”

“በወረቀት ነኝ።”

“ከወረቀቱ ውጭስ ማን ነህ?”

ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ነገረኝ። ግርማ አንድ ክረምት ለእረፍት መጥቶ ከሠፈራችን ሴት ወለደው። ልጅቷ ጡት አስጥላ ለአቶ ወልዴ አስረክባ ዐረብ አገር ሄደች፤ በዚያው ጠፋች። አቶ ወልዴ የልጃቸው ትዳር እንዳይፈርስ ብለው ሕፃኑን በራሳቸው ስም አስመዘገቡት። ትምህርት ቤትም መታወቂያም ላይ ሄኖክ ወልዴ ተባለ።

በእኛ ዘንድ ይሄ ነውር አይደለም። አያት ያሳደገው ልጅ በአያቱ ስም ሲጠራ እኔም ደግ ሥራ ይመስለኝ ነበር። ሄኖክ ግን በሕግ ፊት የአባቱ ወንድም ሆኖ አረፈው።

አሁን በአባቱ በኩል ዜግነት ሊጠይቅ ኤምባሲ ሄዷል። ለዜጋ ልጅ ይገባል፤ ለዜጋ ወንድም አይገባም። የዕድሜ ገደብም አለው፤ የቀረው ጥቂት ወር ነው። አባትየው በሕይወት ቢኖር የዲ ኤን ኤ ምርመራ ሰጥቶ ይገላግለው ነበር። አሁን ያን ማድረግ የምትችለው እህቱ ሜሮን ናት። ከዚያ ውጭ ቤተሰቡ በአደባባይ እንደ ልጅ እንደሚያውቀው የሚያሳይ ማስረጃ አምጣ ብለውታል። ድንጋዩን ያሰበው ለዚህ ነው።

ተቆጣሁ። “የመቃብር ድንጋይ ለፓስፖርት ይቀረጻል? አታፍርም?”

“አፍራለሁ ጋሼ” አለ። “ግን ለፓስፖርቱ ብቻ አይደለም። ሊሞት አካባቢ ነው በስልክ የነገረኝ። ‘እስቲ አንድ ቀን አባባ በለኝ’ አለኝ። አፌ አልታዘዝ አለኝ። ወንድም ጋሼ እንዳልኩት ሞተ።”

ቁጣዬ በረደ። “ሜሮን ይሄን ታውቃለች?”

“ለእሷም ነግሯታል። እናቷ ናት የማታውቀው።”

ስለ ጽሑፉ ጠይቋት የመለሰችለትን በስልኩ አሳየኝ፤ “አንተ እንደፈለግክ አድርገው” ይላል። ከባለቤቱ ቀጥሎ የቤተሰቡ ትልቅ እሷ ናትና ተቀበልኩት። ስሙን ስቆፍር ሄኖክ አጠገቤ ቆሞ ነበር። አቧራውን ስጠርግለት ፊደሉን በጣቱ ተከተለው፤ ከዚያ ወጣ።

ለሙት ዓመቱ ሜሮን ከእናቷ ጋር መጣች። ከተዝካሩ ቀደም ብላ ብቻዋን ሐውልቱን ልታይ ሱቄ ገባች። ጎንበስ ብላ አነበበችና ቀና አለች።

“ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?”

“ያዘዛችሁት ነው እህቴ።”

“እኔ ይሄን አላዘዝኩም። አበባና መስቀል የሚመርጥ መስሎኝ ነው እንደፈለግክ ያልኩት። እሑድ እናቴ መቃብሩ ላይ ቆማ ታነበዋለች እኮ!”

“የተጻፈው ውሸት ነው?”

ጓንቷን አወለቀች፤ መልሳ አጠለቀች። “አይደለም። ግን እናቴ ‘የባሌ ታናሽ ወንድም’ እያለች ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማና ልብስ ስትልክለት የኖረች ሴት ናት። ባሏን አልቅሳ ሳትጨርስ ይሄን ላስነብባት?”

“እሺ፣ ምርመራውንስ ስጪው። እሱ ድንጋይ ላይ አይወጣም።”

“ጉዳዩ ከተከፈተ የመጀመሪያዋ ተጠያቂ ባለቤቱ ናት። እናቴን ጠርተው ቃል ስጪ ይሏታል። ብዙ አሰብኩበት ጋሼ። አልችልም።”

ቤቴ ውስጥ ስለ እውነት ብዙ የምናገር ሰው ነኝ፤ ልጆቼ ይመስክሩ። ያን ቀን ግን ሁለቱም እውነት ሆኑብኝ። ልጁ አባቱን ነው የጠየቀው። እሷም የምትጠብቀው እናቷን ነው። ደንቡ ግን ግልጽ ነው፤ የቤተሰቡ ትልቅ አይሆንም ካለች ድንጋዩ ይገለበጣል።

ሄኖክን አስጠራሁት። እንዴት እንደምነግረው ሳስብ ገና ከበሩ ፊቴን አይቶ ገባው።

“ምን ይባል አለች?”

“ወንድሙ ሄኖክ ወልዴ።”

እጅጌውን ሰበሰበ። “ብቻዎን አይችሉትም። አንዱን ጫፍ ልያዝልዎት።”

አብረን ገለበጥነው። “ቀስ ጋሼ፣ ጣትዎን” አለኝ ሲወርድ።

በጀርባው የታዘዘውን ቀርጬ መቃብሩ ላይ ገጠምኩት፤ እሑድ እዚያው ቆሜ አየሁ። ባለቤትየዋ ጽሑፉን አንብባ፣ ድንጋዩን ስማ፣ ወደ ሄኖክ ዞረች። አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

“ቁርጥ እሱን! አረማመድህ ሳይቀር! የባሌ ወንድም፣ አንተ ባትኖርልኝ ማንን አይቼ እጽናና ነበር?”

“አይዞሽ እትዬ” አላት።

ሜሮን ፊቷን አዞረች።

የዕድሜው ገደብ አለፈ። ኤምባሲውም መልስ ሰጠ፤ ማስረጃ አልቀረበም ተባለ። ሄኖክ ዛሬ አስራ ስምንት ማዞሪያ የታክሲ ረዳት ነው። “አስኮ! አስኮ!” እያለ ሲጣራ ከሱቄ ይሰማኛል። ሲያገኘኝ “ጋሼ፣ ይግቡ፣ ቦታ አለ” ይለኛል። ስለ ድንጋዩ አንስተን አናውቅም።

ከዚያ በኋላ የእኔው ልጅ ሰላም ሳታገባ ወለደች። ሰውየው አስኮ ጋራዥ የሚሠራ መካኒክ ነው፤ ሆዷ ሲገፋ ስልኩን ዘጋባት። ሚስቴ ሕፃኑን ታቅፋ አጠገቤ ተቀመጠች።

“በአንተ ስም እናስመዝግበው። ሰላም እህቱ ትባላለች። ማን ያውቃል?”

“እኔ አውቃለሁ” አልኳት።

በማግስቱ ጋራዡ ሄድኩ። ሰውየው መኪና ሥር ተኝቷል። እግሩን ነካሁት፤ ሲያየኝ ደነገጠ።

“ሊያሳስሩኝ ነው የመጡት?”

“የለም። ልታስመዘግብ ነው። ተነስ፣ እጅህን ታጠብ።”

ወረዳ ይዤው ሄድኩ። ሰላም ሕፃኑን ይዛ እየጠበቀችን ነበር። ጸሐፊዋ የአባት ስም ስትል ወለል ወለሉን እያየ ስሙን ተናገረ፤ ፈረመ። ከዚያ ወዲህ ልጁን ሊያይ መጥቶ አያውቅም። ሚስቴ “ይሄን ስም ነው ለልጁ ያተረፍክለት?” ትለኛለች። ሰውየውን አልወደውም፤ ልጁን ስጠራ ግን ስሙን አብሬ እጠራዋለሁ።

ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው ይሄን ነው። እኛ የምንቆፍረው ሌሎች ቀድመው ወረቀት ላይ ያሰፈሩትን ነው፤ ነገሩ ድንጋይ ጋ ሲደርስ ረፍዷል። ልጅ ሲወለድ በወለደው አባት ስም ይመዝገብ። አባቱ የማይረባ ሰው ቢሆንም።