ውሃ የጠገበ ባቄላ

መካነ ኢየሱስ አጠገብ፣ ከወንዝ በጠለፍነው ቦይ በበጋ ባቄላ እናለማ ነበር። ውሃው በተራ ነው፤ ማክሰኞ የእኛ፣ ረቡዕ የጎረቤታችን የባልቴቷ። ለእረፍት ከትምህርት ቤት ስመጣ ማጠጣቱ በእኔ፣ በልጅቷ ላይ ተጣለ። ሁለተኛ ደረጃ የደረስኩ ሰው ነኝና፣ ብዙ ውሃ ብዙ ባቄላ መሆኑን ለማስላት አልከበደኝም። ረቡዕ ረቡዕ ባልቴቷ ለጾሙ ቅዳሴ ሲሄዱ፣ ቦዩን በጭቃ ዘግቼ ወደ እኛ እመልሰው ጀመር።

ባቄላችን አማረ። ባልቴቷም ባጥር አይተው፣ «ምን ያለ ባቄላ ነው እናንተ!» አሉ።

ከዚያ ነፋሱ ቆመ። ፀሐይ ከረረ፤ ከቆላ የሚነሳው የምንጣሮ ጭስ እላያችን ላይ ተኛ። በሳምንቱ ቅጠላችን ነሐስ የመሰለ ጠቃጠቆ አወጣ። የባልቴቷ ድንክ ባቄላ ግን አንድ ነጥብ የለበትም።

«በላችው!» አለች እናቴ። «እትፍ እንኳ ሳትል!»

ባልቴቷ ቡዳ ተባሉ። እሳት የሚሰጣቸው ጠፋ። ተራ የሚያስጠብቁት ሽማግሌ፣ የውሃ አባት የምንላቸው፣ ከቦዩ ይወገዱ እንደሆነ ሊያስመክሩ ሰው ሰበሰቡ።

«በጃንሆይ አምላክ!» ብዬ ተነሳሁ። የሳይንስ አስተማሪያችን እንዳለን፣ ፀሐይ ሲከርና ጭስ ሲታፈን አየሩ ውስጥ ኦዞን የሚባል መርዝ ይበዛል፤ ውሃ የጠገበ ቅጠል አፉን ከፍቶ ይምገዋል፤ የተጠማው አፉን ዘግቶ ይተርፋል። ይህንኑ ተናገርኩ።

«ቅጠል አፍ አለው?» አሉ የውሃ አባት።

«ብዙ አለው።»

«ካንቺ ይበልጣል?»

ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና፣ «የእናንተ ብቻ እንዴት ጠገበ ታዲያ?» አሉኝ።

ይህን አስተማሪዬ አላስተማረኝም። «የእሳቸውን ውሃ ስለሰረቅሁ» አልኩ።

ኦዞንን ያላመነው ጉባኤ ስርቆቱን ወዲያው አመነ። እናቴ ግን፣ «እንዲያውም! ውሃዋን ተነጥቃ እንዴት አትበላው!» አለች።

ነገሩ ሳይለይ አደረ፤ ለካሳ ብቻ የሁለት ሳምንት ተራችን ለባልቴቷ ተሰጠ። ባቄላቸው ጠገበ፤ ለመለመ። ያው ሐሩር፣ ያው ጭስ ተመልሶ መጣና ቅጠላቸው ልክ እንደኛው ጠቃጠቆ አወጣ።

እናቴ ባጥር አየችው። «የራሱን የሚበላ ቡዳ የለም» አለችና ፍም በገል ይዛ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት።

ባልቴቷ እሳቱን ተቀብለው መረቋት። ወደ እኔ ዞሩና፣ «አንቺ ልጅ፣ ስትሰርቂኝ ይሻለኝ ነበር» አሉኝ።