የክብር እንግዳው ሶፋ

ቢቸና ውስጥ የአንድ ኮሌጅ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን አሰልጣኝ ነበርኩ። ሜዳችን ጠጠር ነበር፤ መረባችን እዚህም እዚያም የተቋጠረ። ቢሆንም እዚያ እንደ ልቤ እጮህ ነበር። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ አፌ አላርፍ አለ። «ስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ኳስ አይልክ፣ መኪና አይመድብ፤ ለመሆኑ ሥራው ምንድን ነው?» አልኩ። ቤቱ አጨበጨበልኝ። በእኛ መሥሪያ ቤቶች ጉድለት የተናገረ ሰው ጉድለቱን ራሱ ይሸከማል። ብዙም ሳይቆይ ሞጣ ሄጄ በዚያው ስፖርት ጽሕፈት ቤት የውድድሮች ኃላፊ እንድሆን ተመደብኩ፤ በውክልና፣ ሰው እስኪገኝ ተብሎ።

እምቢ ልል ነበር። ልጆቹ ግን ቀደሙኝና ሽኝት አዘጋጁ። በግ ታረደ፣ ጋቢ አለበሱኝ፣ አንድ አዛውንት መምህር ተነስተው ረጅም ምርቃት መረቁኝ። ጋቢ ለብሶ፣ ተመርቆ፣ ተለቅሶለት ሲያበቃ «ትቼዋለሁ» የሚል ሰው አይቼ አላውቅም፤ እኔም የመጀመሪያው ለመሆን አፈርኩ። የቡድኑ አምበል የነበረችና ኮሌጁን ጨርሳ ያለ ደመወዝ ረዳቴ የሆነች ልጅ ነበረች፤ እኔ እስክመለስ ቡድኑን ከነደመወዙ እሷ ያዘች። በማግስቱ በጉንደ ወይን አድርጌ ሞጣ ገባሁ።

ሞጣ ምን በድላኝ! አከራዬ ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ ናቸው፤ ባገኙኝ ቁጥር «የኛ ኃላፊ» እያሉ ያከብሩኛል። የሚያፍነኝ ቢሮው ነው። ዕቅድ ይጻፋል፣ የዕቅዱ ሪፖርት ይጻፋል፣ ለሪፖርቱ ግብረ መልስ ይመጣል፣ ለግብረ መልሱ ደግሞ ሪፖርት ይጻፋል። የሚያስቀው፣ ኳስ መላክ እኔም አልቻልኩም። የልምምዳችን ሰዓት ሲደርስ እግሬ ጠረጴዛው ሥር አላርፍ ይላል። አንዳንድ ቀን በሩን ዘግቼ ወረቀት ጠቅልዬ ወደ ግድግዳው አነጥር ነበር። ሲብስብኝ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ።

«ልመለስ እባክዎ። እኔ ለወንበር አልተፈጠርኩም።»

«ቆይ እንጂ፣ ምን ያጣድፍሃል? የኮሌጆቹ ውድድር ይለፍና፣ ካሰኘህ ሰኞውኑ ቢቸና ትገባለህ። ቃሌ ነው» አሉኝ።

ያቺን ሰኞ ይዤ ከረምኩ። ውድድሩም እዚሁ ሞጣ ተካሄደ፤ ልጆቼም ለፍጻሜ ደረሱ። የክብር እንግዳ ተብዬ ድንኳን ሥር፣ ከቢሮ ተሸክመው ያመጡት ሶፋ ላይ፣ ከአለቃዬ ጎን ተቀመጥኩ። ፊቴ የታሸገ ውሃና የፕላስቲክ አበባ ተደርድሯል። እዚያ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ለአንድ ወገን መጮህ ነውር ነው፤ ለሁለቱም እኩል ይጨበጨባል። ልጆቼ እየተመሩ እኔ ለተጋጣሚያቸው አጨበጨብኩ።

ያቺ ረዳቴ እረፍት ጠየቀች። ከዚያ እኔ አጭር ናት እያልኩ ዘወትር ከኋላ የማሰልፋትን ልጅ ወደ መረቡ አምጥታ ለአጥቂዎቹ ኳስ አቀባይ አደረገቻት።

«ኧረ አይሆንም!» ብዬ ብድግ አልኩ። አለቃዬ ኮቴን ሳብ አደረጉት።

«አረፍ በል፣ ሰው ያየናል።»

ተቀመጥኩ። ያቺ አጭር ልጅ ኳሷን ስታቀብል ጉድ ነው! አጥቂዎቹ የሚፈልጉበት ቦታ ድረስ አድርሳ ታስቀምጥላቸዋለች። ስንት ጊዜ ከኋላ አስቀምጫት ነበር! እየመሩ ሄዱ፤ አሸነፉም። በጨዋታው ሁሉ አንዳቸውም ወደ ድንኳኑ ዞር ብለው አላዩም፤ ምልክት የሚጠብቁት ከረዳቴ ነበር። ደስ አለኝ፣ ቅናቱም አንገበገበኝ፤ የቱ እንደበለጠ አላውቅም።

ሜዳልያ ስሰጥ እሷም መጣች። ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ እጄን ያዘችኝ።

«ኮች፣ ሰኞ ይመለሳሉ ሲባል ሰማን። እውነት ነው?»

«ምነው፣ አልመለስ?»

«ኧረ እኔማ ደስ ይለኛል! ቦታው የእርስዎ ነው» አለች። ጥርሷ ይስቃል፤ እጇ ግን በረዶ ሆኗል። አይኗ ዳር እንባ አየሁ፤ ለድሉ የመጣ እንዳልሆነ ገባኝ። ለአንድ ቡድን ሁለት አሰልጣኝ አይቀጠርም፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፣ የቡድኖቹን በጀት የማዘጋጀው እኔ ነኝና። እኔ ስገባ እሷ ትወጣለች። የምትሄድበት ሌላ ሜዳ ደግሞ የላትም።

ከኋላዬ አለቃዬ ሳቅ እያሉ፣ «እህሳ! ሰኞ ቢቸና ነህ ማለት ነው?» አሉ።

ቢቸና ቢቸና ማለት የለመደው አፌ ቃሉን ለማውጣት ተቸገረ።

«የት እሄዳለሁ?» አልኩ። «የዚህን ውድድር ሪፖርት ማን ይጽፈዋል?»

እሷ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ እጄን ለቀቀችና ወደ ልጆቿ ሮጠች።