የእኔን ጣት ያላወቀው ሳጥን

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባታችን ልነግራቸው ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ሐሜትና ስለ ጾም መሻር አውርቼ፣ "እግዚአብሔር ይፍታሽ" ተብዬ፣ ዋናውን ይዤ ተመልሻለሁ። ባለቤቴ ታደለ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። በቀን ጥቂት መስመር ነው የምጽፈው። እርሱ ሳይሰማው የቀረውን ነገር ለማታውቁኝ ሰዎች መንገሬ ምን ይባላል? አላውቅም። ግን ከዚህ በላይ ይዤው መኖር አልቻልኩም።

ታደለ እዚህ ሮማ የጥበቃ ሠራተኛ ነበር፤ ሽጉጥ ታጥቆ ባንክ በር ላይ የሚቆም። ቺታዲናንሳውን፣ የጣሊያን ዜግነቱን፣ ካገኘ በኋላ ተምሮ፣ ተፈትኖ የገባበት ሥራ ነው። ከእኛ ሰዎች መካከል ያንን ዩኒፎርም የለበሰ ሌላ ሰው አላየሁም። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ "ኮማንዳንቴ መጣ፤ ሰልፍ አሳምሩ" ይሉታል። እርሱም "ሆዳችሁን ወደ ውስጥ፣ ሆዳችሁን" እያለ ያልፋል። ሸሚዙን የምተኩስለት እኔ ነበርኩ። ኮሌታው ላይ ካውያውን ሳሳርፍ የሚወጣው የሙቅ ጨርቅ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ልጃችን ማርታ አምስት ዓመት ሞልቷት ነበር፤ መሳቢያ የምትከፍትበት ዕድሜ። ሽጉጡ ቁም ሣጥን አናት ላይ መቀመጡ እንቅልፍ ነሳኝ። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ሦስታችንም ከሰፈራችን ከፒኜቶ ትራም ይዘን የመሣሪያ መደብር ሄድን። ሻጩ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ የወረደ ሽማግሌ ነበር፤ ሦስት የብረት ሳጥኖች ደረደረልን።

የመጀመሪያው ቁልፍ ያለው ነው። ታደለ ገና ሲያየው ራሱን ነቀነቀ። "ሌባ በሩን እየሰበረ እኔ ቁልፍ ልፈልግ? እስካገኘው ድረስ እራት በልቶ ይሄዳል" አለ። ሁለተኛው በቁጥር የሚከፈት ነው። እዚህ ላይ እኔ ሳቅሁ። "አንተ የራስህን ስልክ ቁጥር እኔን አይደል የምትጠይቀው?" አልኩት። ሦስተኛው የጣት አሻራ የሚያውቅ ነበር። ሻጩ የታደለን አውራ ጣት መዘገበለት፤ ታደለ ሲነካው አረንጓዴ መብራት በራና ክዳኑ ብድግ አለ። ማርታ አጨበጨበች። እኔም ደስ አለኝ፤ ቶሎ ይከፈታል፣ ለልጅ ግን አይከፈትም።

"የእርሷንም መዝግብልኝ" አለው ታደለ። ጣቴን አሳረፍኩ፤ ቀይ መብራት። ሻጩ ጣቴን በጨርቅ ጠርጎ እንደገና ሞከረ፤ ቀይ። አሥሩንም ጣቶቼን አዳረስናቸው። በመጨረሻ "ሲኞራ፣ ሥራሽ ምንድን ነው?" አለኝ። የሰው ቤት እንደማጸዳ ነገርኩት። አንገቱን ደፋ። ለፔርሜሶ፣ ለመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኩዌስቱራ ፖሊስ ጣቢያ አሻራ ልሰጥ ስሄድም እንዲሁ ነበር የሚያስቸግራቸው። አሥራ አንድ ዓመት በረኪና የነከረው ጣት ነው፤ መስመሩ ተበልቶ አልቋል።

ስንመለስ ትራሙ ውስጥ ታደለ ሳጥኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እጄን ክዳኑ ላይ አስቀምጦ ጣቶቼን አንድ በአንድ ይደባብስ ነበር። "አየሽ አዜብ፣ አሻራ የሌለው ሰው ነሽ። ወንጀል ብትሠሪ ማንም አያገኝሽም" አለኝ። ሳቅን። ማርታ ነገሩ ሳይገባት ከእኛ በላይ ሳቀች። በሕይወቴ ወደ አንድ ቀን መመለስ ብችል ወደዚያ ትራም ነበር የምመለሰው።

ሳጥኑ ባትሪው ቢያልቅ የሚከፈትበት አንድ መጠባበቂያ ቁልፍ ነበረው። ሻጩ ከቤት ውጭ እንድናስቀምጠው መክሮናል። ታደለም ለእትዬ አሰለፈች እንድሰጣት ቁልፉን እኔ እጅ ላይ አኖረው። እትዬ አሰለፈች ቪያ ቮልቱርኖ ላይ ምግብ ቤት ያላት፣ ለእኔ እንደ ታላቅ እህት የሆነች ሴት ናት። "ሰጠሻት?" ሲለኝ "ሰጠኋት" አልኩት። አልሰጠኋትም ነበር። መጀመሪያ ረስቼው ነው፤ ቦርሳዬ ውስጥ ቀረ። በኋላ ግን ከእኛ በታች ያሉት ጎረቤቶች ተሰረቁ፤ እኔም ስለ እናቴ የወርቅ ሐብል መጨነቅ ጀመርኩ። ሳጥኑ ውስጥ እናስቀምጠው ብዬ ለመንኩት።

"መሣሪያ ያለበት ሳጥን በየሰበቡ አይከፈትም" አለኝ።

ልክ ነበር። እኔ ግን ሥራ በሄደበት ቀን፣ ሽጉጡም አብሮት በወጣበት ሰዓት፣ ሳጥኑን በዚያ ቁልፍ ከፍቼ ሐብሉን ከሥሩ ካለው ስፖንጅ በታች ደበቅሁት። ማን ያገኘኛል? አሻራ የለኝም።

ወራት አለፉ። የእትዬ አሰለፈች የልጅ ልጅ ክርስትና ሲነሣ የክርስትና እናት እንድሆን ተጠየቅሁ። እሁድ ጠዋት ነው። ታደለ ዕረፍት ስለነበር ከማርታ ጋር ወጥ ቤት ቁርስ ይበላሉ፤ ሽጉጡ ሳጥኑ ውስጥ ነው። ያለ ሐብሉ መሄድ አልፈለግሁም። የእናቴ ሐብል ነው፣ ሰው ያየኛል አልኩ። መኝታ ቤት ገብቼ ከራስጌ ያለውን፣ ሳጥኑ የሚቀመጥበትን መሳቢያ ሳብኩ፤ ሳጥኑን በቁልፉ ከፈትኩ፤ ከሽጉጡ ሥር ሐብሌን መዝዤ አወጣሁ። በዚህ መካከል ከታች ደወል ተደወለ። እትዬ አሰለፈች ናት። "አንቺ ሙሽራ፣ ቄሱ ቀድመውናል!" ትላለች። ክዳኑን በክንዴ ገፋሁት፤ መሳቢያውን በጉልበቴ። ሲዘጋ ቀጭ የሚለውን ድምፅ ጠብቄ ነበር? አልጠበቅሁም። ይህን ጥያቄ አሥራ ስድስት ዓመት ጠይቄዋለሁ፤ መልሱ ተለውጦ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ ታደለ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ማርታ ሳሎን ትጫወታለች። ፊቱን እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

እርሱ ሳህን ሲያጥብ ማርታ መኝታ ቤት ገብታ ኖሯል። ዝምታዋ ሲበዛበት ሄዶ አያት። ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ጥይት የጎረሰውን ሽጉጥ በአሻንጉሊቷ አልጋ ላይ አስተኝታ፣ እስከ አፈ ሙዙ አልብሳው እያባበለችው ነበር።

"ፓፓ፣ ቀስ በል፤ ተኝቷል" አለችው።

ቀስ ብሎ ሄዶ፣ ቀስ ብሎ አነሣው።

"ትናንት ስገባ ደክሞኝ ነበር፤ በደንብ አልዘጋሁትም ማለት ነው" አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። "ቁልፉ እትዬ አሰለፈች ጋ ነው አይደል?"

ነጠላዬ አንገቴ ድረስ ተጠቅልሏል። ሐብሉ ከሥሩ ነው። ቁልፉ በያዝኩት ቦርሳ ውስጥ ነው።

"አዎ" አልኩት።

ይኸው ነው። ኃጢአቴ ይህች ቃል ናት። ሳጥኑን ከፍቶ መርሳት ስህተት ነው ብል ምናልባት እሰማ ይሆናል። "አዎ" ግን ስህተት አልነበረም። ፈርቼ ነው? አዎ፣ ፈርቼ ነው። ነገ እነግረዋለሁ ብያለሁ? ብያለሁ፤ እስኪያርፍ ድረስ። ሳጥኑ የሚያውቀው የእርሱን ጣት ብቻ ነው፤ የእኔን አያውቅም፤ ቁልፉ ደግሞ ሰው ዘንድ ነው። ታደለ ሌላ ማንን ይጠርጥር?

ሥራውን ለቀቀ። ሽጉጡን መለሰ። ተው አልኩት፤ እንዲህ ለማለት እንኳ አላፈርኩም። "ልጁን ያልጠበቀ ሰው የባንክ በር አይጠብቅም" አለኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ሆቴል ውስጥ ሻንጣ ተሸካሚ ሆኖ ኖረ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ "ኮማንዳንቴ፣ ብረቱስ?" ሲሉት "ከብዶኝ አወረድኩት" ይልና ይስቃል። እኔ አብሬ እስቅ ነበር።

የሚገድለኝ ግን ሌላ ነው። ታደለ ከዚያ ቀን ጀምሮ እጁን አላመነም። ከቤት ስንወጣ በሩን ቆልፎ ከደረጃው ይመለሳል፤ ጋዙን ነክቶ ይወጣል፤ ደግሞ ይመለሳል። ማርታ አድጋ "ፓፓ፣ ኢል ጋስ?" እያለች ትቀልድበት ነበር፤ "አባቴ ሳጥን የረሳ ቀን" የቤታችን ተረት ሆነ። አንድ ወዳጁ ልጁን ክርስትና እንዲያነሣለት ሲለምነው እንኳ እምቢ አለ። "ሌላ ሰው ፈልግ ወንድሜ፤ የእኔ እጅ አይታመንም" አለው። አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ሻይ እያማሰልኩ ነበር።

ሆስፒታል በተኛበት በመጨረሻው ሳምንት፣ ሰው ሲሄድ እንደሚያደርገው፣ የበደልኩሽን ይቅር በይኝ አለኝ። "በተለይ የዚያች እሁድን" አለ። "ልጅሽን ላሳጣሽ ነበር።"

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እንዲህ ደክሞ እያለ አላስቸግረው ብዬ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ውሸት ነው። ፊቱ ሲለወጥ ማየት ስላልቻልኩ ነው። እጁን ይዤ "እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ" አልኩት። የራሴን ኃጢአት ለእርሱ ይቅር አልኩለት። እርሱም አመስግኖኝ ተኛ።

ሳጥኑ ዛሬም መሳቢያው ውስጥ አለ፤ ባዶ ነው። የእርሱ ጣት የለም፤ የእኔን ደግሞ አያውቀውም። የሚከፍተው ያ ቁልፍ ብቻ ነው፤ አሁን እዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ ከምጽፍበት ወረቀት አጠገብ ይዤዋለሁ። ማርታ እሁድ ስትመጣ ማንም ሳያየው አስቀድሞ ይህን ወረቀት ከቁልፉ ጋር እሰጣታለሁ። ይቅር በይኝ አልላትም። ይቅር ሊለኝ የሚገባው ሰው እኔን ይቅርታ ጠይቆ ሄዷል።

ልጄ፣ የምነግርሽ ይህን ብቻ ነው። አባትሽ በዚያች እሁድ ዋዜማ ከሥራ ሲገባ ሳጥኑን ዘግቶታል። የከፈትኩት እኔ ነኝ። እጁ የሚታመን ነበር።