የሞተው ሰይድ ሆቴሌ ድረስ መጣ

ትናንት ጠዋት ካዛንቺስ ባረፍኩበት ሆቴል ሸሚዜን እየተኮስኩ ሳለ የክፍሉ ስልክ ጠራ። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ናት።

«ዶክተር፣ እንግዳ መጥቶልዎታል።»

«ማን ይባላል?»

ትንሽ አመነታች... «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እሳቸው ያሉኝን ነው የምነግርዎት። 'የሞተው ሰይድ በይው' ብለውኛል።»

ካውያውን ሸሚዙ ላይ ረሳሁት።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። እኔ ሐኪም ነኝ። ከተመረቅኩ በኋላ ጥቂት ሠርቼ ሰው አገር ሄድኩ፤ እዚያ ከበሽተኛ አልጋ ወደ ላብራቶሪ ገባሁና አሁን የሕፃናት ክትባት የሚሠራ ቡድን እመራለሁ። ስምህን አጥርተው መጥራት በማይችሉ ሰዎች መሀል ስትኖር «ለምን ክትባት መረጥክ?» ሲሉህ አንድ ጥሩ መልስ ያስፈልግሃል። የኔ መልስ ሰይድ ነበር። የካዛንቺስ ጎረቤታችን፣ የልጅነት ጓደኛዬ፣ በኩፍኝ የሞተው ሰይድ። ሥራ ስቀጠር ሰይድን ተረኩ። ለምርምር ድጋፍ ስጠይቅ ሰይድ፣ ሽልማት ስቀበል ሰይድ... አዳራሹ ፀጥ ይላል፣ አንዳንዱም መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ይጠርጋል።

ውሸት አልነበረም... ማለቴ፣ ለኔ። በእኛ ሰፈር ሞት ለልጅ አይነገርም። ስድስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ሰይድ ኩፍኝ ይዞት ተኝቷል። አንድ ጠዋት ሴቶች እያለቀሱ ወደ እነሱ ግቢ ሲገቡ እናቴ ጎትታ አክስቴ ቤት ወሰደችኝ። ከቀናት በኋላ ስመለስ የእነ ሰይድ ቤት ተዘግቷል። እናቴን ብጠይቃት «ልጅ እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም» አለችኝ። በቃ፣ የቀረውን ራሴ ሞላሁት። ታሪኩን ያወራሁት ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሆነ የሚያርመኝ ሰው አልተገኘም። በቅርቡ ግን አንዱ የንግግሬን ቪዲዮ ወደ አማርኛ ተርጉሞ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው።

ወረድኩ። አንድ ቦርጫም ሰውዬ ሶፋው ላይ ተመቻችቶ ማኪያቶ ይጠጣል። ቅንድቡ ላይ ያለችው ጠባሳ ከአጥር ስንዘል ያገኛት ናት... ክው አልኩ።

«አንተ! ቀብረኸኝ ስታበቃ ሰላም እንኳ አትለኝም?» ብሎ አቀፈኝ። ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ እንደሚሸጥና የአራት ልጆች አባት እንደሆነ ነገረኝ። «ደንበኞቼ ሁሉ ቪዲዮውን ላኩልኝ፤ ዛሬ እዚህ ሆቴል እንደምትናገርም ከፌስቡክ አየሁ። ወላሂ፣ ሚስቴ ስቃ ልትሞት ነበር። እና አሁን ካልሞትኩ ክትባቱን ልታቆም ነው?»

ላብ በላብ ሆኜ ሳቅኩ። ከዚያ ግን የሚጠየቀውን ጠየቅኩ። «ታዲያ ያ ለቅሶ የማን ነበር?»

ሳቁን አቆመ። «የሰሚራ ነዋ። ሁለታችንንም ነው የያዘን፤ እኔ ተረፍኩ። አባባ በዚያው ወሎ ወሰደን። ስንመለስ መርካቶ ገባን።»

ሰሚራ። ታናሽ እህቱ። ያን ሁሉ ዓመት ሳወራው በኖርኩት ታሪክ ውስጥ እህት የሚባል ነገር አልነበረም።

«እማዬ መኪና ውስጥ ናት» አለኝ። «ግቢ ብላት እምቢ አለች። አንተን ልታይ ነው የመጣችው።»

እትዬ ዘይነባ የኋላ ወንበር ላይ ነበሩ። ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ። ይቅርታ መጠየቅ ስጀምር አቋረጡኝ።

«ስለ ሰይድማ ምን አስጨነቀህ፣ ልጄ። ሞተ የተባለ ዕድሜው ይረዝማል። እኔ እንኳ... ቪዲዮውን ሲያሳዩኝ አሁን ስሟን ይጠራል፣ አሁን ይጠራል ብዬ እስከ መጨረሻው ጠበቅኩ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ፎቶ የላትም» አሉ። «ሰይድም ብዙ አያስታውሳትም። የሚያውቋት ጎረቤቶችም ሰፈሩ ሲፈርስ ተበተኑ። አንተስ እስቲ... ምን ታስታውሳለህ?»

የማስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ለእናት የሚነገር አይደለም። ልንጫወት ስንወጣ ሰሚራ ትከተለናለች። እኛ ሮጠን ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ እንደበቃታለን። እሷ ጫማዋን በእጇ ይዛ መንገድ መሀል ቆማ «ጠብቁኝ!» እያለች ታለቅሳለች።

ሌላ ቆንጆ ነገር ልፈጥርላቸው አፌን ከፍቼ ነበር፤ መቼም ታሪክ ማሳመር ለምጃለሁ። ዓይናቸውን ሳይ አልቻልኩም። እንዳለ ነገርኳቸው።

በሻርፓቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። «ጫማዋን በእጇ... እሷ ናት! ወላሂ እሷ ናት! ጫማ አድርጋ ሮጣ አታውቅም። ሰማህ ሰይድ? እሷ እኮ ናት!» እየሳቁ ያለቅሳሉ። ከዚያ እጄን ይዘው መረቁኝ... ምነው በጥፊ በመቱኝ ብዬ ተመኘሁ።

ከሰዓት እዚያው ሆቴል ንግግር ነበረኝ፤ ቢመጡልኝ ብዬ ለመንኳቸው። በተቃጠለው ሸሚዝ ላይ ኮት ደርቤ ቆምኩና ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ አወራሁት። ሰይድ እንዳልሞተ ተናገርኩ። የሰሚራን ስም ጠራሁ፣ ጫማዋን፣ መደበቃችንን ተናገርኩ። ተንተባተብኩ። መነጽሩን ያወለቀ ሰው አልነበረም፤ ጭብጨባውም ለይሉኝታ ያህል ነበር። እትዬ ዘይነባ ግን ስሟን ስጠራ ከኋላ ወንበር ቀና ብለው፣ አጠገባቸው የተቀመጠችውን የማያውቋትን ሴት «የኔ ልጅ ናት» ሲሏት አየሁ።

ከመድረክ ስወርድ አዘጋጁ ጠጋ ብሎ «ዶክተር፣ እውነቱን ልንገርህ... የድሮው ታሪክህ ይበልጥ ልብ ይነካ ነበር» አለኝ።

ልክ ነው... እዚያኛው ታሪክ ውስጥ ማንንም ጥዬ አልሮጥኩም።