ዘሃራ የላከችው ታብሌት

ትናንት ከሰዓት አንዲት ልጅ ሐይቅ ከተማ ወዳለችው የጥገና ሱቄ ገብታ «ጋሼ፣ ስልኬ ሰውን ቢጫ ያደርጋል» አለችኝ። ዘሃራ ትዝ አለችኝ።

ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ቢሞላኝ ነው። መስከረም ነበር፤ መንገዱን የግሸን ተጓዦች አውቶቡስ ሞልቶት፣ ሱቄን ደግሞ ጎረቤት የሚጠበሰው ቆሮሶ ዓሣ ያውደዋል። ታናሽ እህቴ ዘሃራ ከዓረብ አገር አሠሪዎቿ የጣሉትን፣ ስክሪኑ የተሰበረ ታብሌት በሰው ላከችልኝ። «ጠግነውና ከእማ ጋር እንተያይበት» ብላ። ከሄደች ወዲህ እናቴ የምታውቀው ድምፅዋን ብቻ ነበር።

ደሴ ያገኘሁት ስክሪን የሌላ ሞዴል ስለነበር ብገጥመው ጨለማ ሆነ። ታብሌት ሲበራ ስክሪኑን አያየውም፤ ስፋቱን፣ ቁመቱን፣ የቀለሙን ቅደም ተከተል ውስጡ ያለች ትንሽ ፋይል ትነግረዋለች፤ እሱም የተነገረውን ያምናል። ዘሃራንም ደላላው እንዲሁ ነው የላካት፤ የአሥራ ሰባት ዓመቷን ልጅ ሃያ አምስት ነች ብሎ። ማንም ቀና ብሎ አላያትም። ያን ሰው ዛሬም መንገድ ላይ ሳየው ደሜ ይፈላል።

ፋይሏን ደጋግሜ ጻፍሁ። አንዴ ምስሉ ተዘቅዝቆ መጣ፤ አንዴ በካሜራው ስናየው የእናቴ ቀይ ሻሽ ሰማያዊ ሆነና ተሳሳቅን። በመጨረሻ ቀዩ ቀይ ሆነ። ደወልን።

ዘሃራ ብቅ አለች። ፊቷ ቢጫ ነው፤ የዓይኗ ነጭ እንኳ ሳይቀር።

«ቆይ፣ ቀለሙ ገና አልተስተካከለም» አልሁ።

«አዎ ወንድሜ፣ የስክሪንህ ነገር ነው» ብላ ሳቀች። «አብሽሪ እማ፣ ደህና ነኝ፣ አልሃምዱሊላህ።»

እናቴ አልሳቀችም። ስክሪኑ ጥግ ላይ የራሷ ምስል ነበር፤ ጣቷን እዚያ አሳረፈች።

«እኔ መልኬን ይዣለሁ። ሻሼም ቀይ ነው። አንች ልጅ፣ ምን ሆነሻል?»

ዘሃራ ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ብንደውል ብንደውል አላነሣችም። ኅዳር ሳይገባ መርዶዋ መጣ፤ እዚያው ተቀብራለች። ጉበቷን ታማ፣ ካወቁብኝ ይመልሱኛል ብላ ደብቃ ስትሠራ እንደነበር የነገረችን አብራት የነበረች ልጅ ናት።

ጊዜ ያስረሳል ይሉኛል። እኔን አላስረሳኝም። ታብሌቱ ዛሬም ይሠራል፣ ቀለሙም ልክ ነው፤ እናቴ ግን ዳግም አልነካችውም።

የትናንቷን ልጅ ስልክ አገላብጬ አየሁት። ነጩ ነጭ፣ ቀዩ ቀይ ነው።

«ቢጫ ሆኖ የታየሽ ማን ነው?» አልኋት።

«እህቴ፤ ቤይሩት ያለችው።»

«ስልክሽ ጤነኛ ነው። አሁኑኑ ደውይና እህትሽን ጠይቂያት።»

«ጠይቄያታለሁ፤ ደህና ነኝ ብላኛለች» አለችና ስልኳን ከእጄ ወሰደች። «ጋሼ፣ ካልቻሉበት ሌላ ጋ ላሳየው።»