አጎዛ ይዘው የሚመጡት ቄስ

በየወሩ ከደምበጫ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲመጡ አጎዛቸውን በብብታቸው ይዘው ነው። ጥምጥማቸው እንደ ወተት የነጣ፣ ቀበቷቸው ግን ወር በመጣ ቁጥር አዲስ ቀዳዳ የሚበሳለት ቄስ ናቸው። የሆስፒታሉን አግዳሚ በአጎዛው ሸፍነው በአንድ ጎናቸው ያርፋሉ፤ ለስኳር ምርመራ ጣታቸው ሲወጋ ዓይናቸውን ጨፍነው በለሆሳስ ያዜማሉ። ነርሷ እስከዳር ያቺን ዜማ ትወዳታለች። አጎዛው ለብርዱ ይመስላት ነበር።

ዛሬ ለጨዋታ ያህል «የት ነው የሚቀድሱት፣ አባቴ?» አለቻቸው።

«መቅደስ ከገባሁማ ስምንት ወር አለፈኝ። ደም የሚፈሰው ሰው አይገባም።»

መርፌውን አስቀመጠችው። «ከየት የሚፈስ?»

«ከመቀመጫ ነዋ፣ ልጄ። ኪንታሮት ነው፤ ዕድሜውን ቁጭ ብሎ ያስተማረ ሰው በሽታ።»

«ስምንት ወር! ስኳር ያለበት ሰው እኮ ለአንጀት ካንሰር ይበልጥ ይጋለጣል! ሲከሱም ስኳሩ ነው ብለን ዝም አልን። ምነው ባይደብቁኝ?»

«አልደበቅሁም። ለእግዜር ቤት የዚያኑ ለት ታዝዤ ወጥቻለሁ። እናንተ ከጣቴ በቀር መች ጠየቃችሁኝ?»

ንዴቷ ወደ ራሷ ዞረ። ሐኪሙ የሚፈርምበትን የአንጀት ምርመራ ማዘዣ ስትጽፍ እስክሪብቶው ወረቀቱን በሳው። እሳቸው ማዘዣውን ተቀብለው አጎዛቸውን ጠቀለሉና ቆም አሉ።

«ይኸ ምርመራ ለፋሲካ ቅዳሴ ያደርሰኛል?»

እስከዳር አጎዛውን ከእጃቸው ተቀበለችና ወደ ሐኪሙ ክፍል ቀድማቸው ሄደች።