ደሴት ላይ ያመለጠ ቃል

ዓለምጸሃይን በቅጡ አውቃታለሁ የሚል ሰው ፒያሳ ውስጥ ከተገኘ ይዋሻል። ይህን የሚጽፈው ሰው ራሱ ከእሷ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ቅርበት አልነበረውም። የሚያውቀው አንዲት ቀኗን ነው፤ ያቺንም ቀን የነገረችው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ፊቷን ወደ መስኮት አዙራ ነው።

በመንግሥት ልብስ ስፌት ቤት የቁልፍ ቀዳዳ ትሠራ ነበር። ቤታቸው ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ነው። ወላጆቿ ከአዲግራት በኩል ቢመጡም እሷ የአራዳ ልጅ ናትና አማርኛዋ እንከን አይወጣለትም። ታላቅ ወንድሟ ሐዱሽ በረሃ ከገባ ወዲህ እናቷ ወይዘሮ ለተክርስቶስ አንድ ሕግ አወጡ፤ ትግርኛ ከደጃፍ እንዳያልፍ። ጎረቤት ሲጠይቅ ሐዱሽ ጎሬ አስተማሪ ነው፤ መሥሪያ ቤት ሲጠይቅም ጎሬ ነው። በዚያ ዘመን አንዲት ቃል ቤት ታዘጋ ነበር።

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ኮከብ ሠራተኛ ተብላ ተመረጠች። ሽልማቱ ምጽዋን መጎብኘት ነበር። ሌሎቹ ተመራጮች እልል ሲሉ እሷ እንቅልፍ አጣች። ትግርኛ በየመንገዱ ወደሚነገርበት አገር፣ ያውም ከድርጅቱ ካድሬ ከጓድ ገነነ ጋር መሄድ ሊሆን ነው። እቀራለሁ ብትል ደግሞ ለምን ትባላለች። እናቷ ሲሸኟት «ጆሮሽን ድፈኚ፤ ሰምተሽ እንዳትስቂ» አሏት።

አሥመራ ላይ ተሳካላት። ሻጮች ሲቀላለዱ ከንፈሯን ነክሳ አለፈች።

በመጨረሻው ቀን ከምጽዋ ፊት ለፊት ወዳለች ትንሽ ደሴት በጀልባ ወሰዷቸው። ባለ ጀልባው አቶ ኢድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ ሲሆኑ፣ አማርኛቸው ከ«እንደምን አላችሁ» አያልፍም። ደሴቲቱ ስትቃረብ ሞተሩን ቀነስ አድርገው በትግርኛ መናገር ጀመሩ። በዚህ ውኃ ውስጥ ድንጋይ መስላ የምትተኛ ዓሣ አለች፤ ጀርባዋ ላይ መርዛም እሾህ አላት፤ የረገጣት ሰው ከዚህ በእግሩ አይመለስም አሉ። ጣታቸውን እንደ እሾህ አቁመው፣ እግራቸውን እያነሱ አሳዩ።

ሰዉ ሳቀ። የክር ክፍሏ ቆንጅት፣ «አባቴ፣ ደመወዝ ይጨመርልኝ ከሆነ የሚሉት ለጓድ ገነነ ነው የሚነገረው» አለች። ሽማግሌው ተስፋ ቆርጠው ሞተራቸውን መልሰው ጨመሩት።

ከጀልባው ሙሉ ሰው ማስጠንቀቂያውን የሰማች ዓለምጸሃይ ብቻ ናት። ብትናገር፣ የት ተማርሽው ትባላለች፤ ከዚያ ዘመድሽ ማነው፤ ከዚያ ጎሬ።

በአሸዋው ላይ ሸርጣኖች ይራወጣሉ፤ ሥሮቻቸው ከባሕር ብቅ ካሉ ዛፎች ላይ ረዣዥም ምንቃር ያላቸው ወፎች ተደርድረዋል። ሁሉም ጫማውን አውልቆ ውኃ ገባ። ዋና የማታውቀው ዓለምጸሃይ ካረፉበት ሆቴል የተዋሱትን የውኃ መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ ከሁሉ ቀድማ ያዘች። ደፋር መሰለቻቸው። እሷ ግን የያዘቻቸው ዓሣዋን ለመፈለግ ነው፤ ካገኘቻት ያለ ቃል ሰዉን በእጇ እየጎተተች ታርቃለች።

እስከ ወገቧ ድረስ ገብታ ፊቷን ነከረች። የገዛ ትንፋሿ በቱቦው ውስጥ ሌላ ሰው አጠገቧ የሚያቃስት ያህል ይሰማታል። ሰማያዊና ቢጫ ዓሦች በጉንጯ በኩል አለፉ። አንዲት የባሕር ኤሊ ቀርባ አየቻትና ዞር አለች። ዓለምጸሃይ ግን ዓይኗ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ የሰዉን እግር ይከተላል። ድንጋዩ ሁሉ ዓሣ መሰላት።

ከዚያ አንዱ ድንጋይ አፉን ከፈት አደረገ።

ከአጠገቡ ሁለት እግሮች ቆመዋል፤ ሱሪው እስከ ጉልበት ተጠቅልሏል። ጓድ ገነነ ነው። አንደኛው እግር ተነሣ። እጇን ብትዘረጋ አይደርስም። ቱቦውን ከአፏ ነቅላ ጮኸች፦

«እምኒ ኣይኮነን!»

ገነነ እግሩን አንጠልጥሎ ቀረ። ያስቆመው ትርጉሙ አይደለም፤ አልገባውም። ያስቆመው ቋንቋው ነው። ያኔ «ድንጋይ አይደለም፤ አይርገጡት» ብላ በአማርኛ ደገመችው፤ ግን መጀመሪያ የወጣው ወጥቷል። አቶ ኢድሪስ እየሮጡ መጥተው በመቅዘፊያቸው ነካ ሲያደርጉት፣ ድንጋዩ እሾሁን አቁሞ አሸዋ አቦነነና ተሰወረ። ሽማግሌው ወደ እሷ ዞረው፣ ስትሰሚኝ ነበር ለካ፣ የማን ልጅ ነሽ አሏት፤ በትግርኛ። ቱቦውን እንደያዘች ወደ ጀልባው አመራች።

በመልስ ጉዞ ቆንጅት እንኳ ቀልድ አላመጣችም። ገነነ ከፊት ተነሥቶ መጣና አጠገቧ ተቀመጠ። ዓሣዋን ሊረግጥበት የነበረውን እግሩን በእጁ ይዞታል። ሞተሩ ስለሚጮህ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ፣ «ጓድ» ሳይል፣ በዝግታ ጠየቃት።

«ዓለምጸሃይ፣ ወንድምሽ እውነት ጎሬ ነው ያለው?»

እሷ በቱቦው ውስጥ የቀረውን ውኃ አንጠፈጠፈች፤ መነጽሩን በቀሚሷ ጫፍ መወልወል ጀመረች፤ ሲደርቅም መወልወሏን አላቆመችም።